የምርታችሁን ስም የራሳችሁ ማድረግ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አምራቾች የንግድ ምልክት ምዝገባ ከሀ እስከ ፐ

«ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ስሙም ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ስሙ የኔ ነው።» ደሴ ላይ በርበሬና ሽሮ ከሚያሽጉ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጫማ ወይም ሳሙና ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ስለ ስም ካወራችሁ ይህን የማይል ጥቂት ነው። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። ፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው፤ የሚናገረው ማን እንደሚነግድ ብቻ ነው። ላስቲኩ ላይ ያተማችሁት፣ ደንበኛው ሱቅ ገብቶ «ያንን ስጠኝ» የሚልበት ስም ወይም ሥዕል ደግሞ የንግድ ምልክት ይባላል። የሚመዘገበው በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሕግ ነው።

የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው፤ እዚሁ ከተማችሁ ንግድ መምሪያ ያልቃል። የንግድ ምልክት ግን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 273/2005 ሲሆን፣ የሚመዘግበውም አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ አንዴ የተመዘገበ ምልክት ደሴም፣ ጅማም፣ ድሬዳዋም ይሠራል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በአዋጁ የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። «እኔ ነኝ ቀድሜ የጀመርኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያደናግር ሥራ የተከለከለ ስለሆነ በዛ በኩልም አቤት ይባላል። ግን የማስረዳቱ ሸክም እናንተ ላይ ይወድቃል፤ ደንበኛ መወናበዱን፣ ስሙ በእናንተ መታወቁን፣ ሁሉንም። ወረቀቱ በእጁ ያለ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ስለዚህ ምርቱ እግር ሲያወጣ፣ ከሰፈር ሱቅ አልፎ ወደ ሌላ ከተማ መጫን ሲጀምር ሳይሆን ገና ስም ስታወጡ ጀምሩት።

መጀመሪያ ስሙ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ፋይል የሚበላሸው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ስም ሲወጣ ነው።

አንድ የተለመደ ማሸጊያ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙ። ግልጽ ላስቲክ፣ ፊቱ ላይ ቀይ ስቲከር፣ መሃል ላይ ሙቀጫና ዘነዘና ተሥሏል፣ ከሥሩ በትልቁ «ንጹሕ የወሎ በርበሬ» ይላል፣ ከዛ በታች ስልክ ቁጥር። ያምራል፣ ይሸጣልም። እስቲ አሁን አንድ በአንድ እንየው። «በርበሬ» የዕቃው ዓይነት ነው፤ ማንም በርበሬ ሻጭ ይጠቀምበታል። «ንጹሕ» ጥራትን የሚገልጽ ነው። «ወሎ» የመጣበትን ቦታ ይናገራል። ሙቀጫው በርበሬ ሻጭ ሁሉ የሚያሥለው ሥዕል ነው። ቀዩም ቀለም ያው የበርበሬ ነው። ታዲያ የእናንተ ብቻ የሆነው ምኑ ነው? ስልክ ቁጥሩ።

የንግድ ምልክት አዋጁ የሚለው ይህንኑ ነው። ምልክት ማለት የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ፣ ወይም የእነዚህ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱን፣ ጥራቱን፣ መጠኑን፣ የታሰበበትን አገልግሎት ወይም የመጣበትን ቦታ ከመግለጽ ያለፈ ነገር የሌለው ምልክት ግን ለብቻው አይመዘገብም። ሕዝብን የሚያሳስት፣ ከሞራል ወይም ከሕዝብ ሰላም ጋር የሚጋጭ፣ የሀገር ባንዲራና ዓርማ የሚመስልም እንዲሁ።

የቦታ ስም ነገር በተለይ ለእኛ ሰዎች ከባድ ነው፤ «ደሴ»፣ «ወሎ»፣ «ሐይቅ»፣ «ቦርከና» የሚሉት ስሞች ልባችን ውስጥ ስላሉ ሁሉም ምርቱ ላይ ሊለጥፋቸው ይፈልጋል። መለጠፍ ይቻላል፤ የመጣበትን ቦታ እውነቱን መናገር ማንም አይከለክልም። ብቻውን የእናንተ ስም አይሆንም እንጂ። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ላይ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲሞክር መጀመሪያ ተቃውሞና እምቢታ ገጥሞት፣ ስንት ክርክር ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። «ሐላል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ማሸጊያችሁ ላይ በእውነት ከሆነ ጻፉት፣ ግን የጋራ ቃል ነው፤ ስማችሁ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ታዲያ ምን ዓይነት ስም ይሻላል? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከምርቱ ጋር ምንም የማይገናኝ ቃል ወይም ጭራሽ እናንተ የፈጠራችሁት ቃል ነው። ጠንካራው ይህ ነው። ሌላው ምርቱን በቀጥታ ሳይናገር ሽታውን የሚያመጣ ቃል ነው። ለምሳሌ «ሽውታ» ብንል (አሁን ለማስረጃ ያወጣሁት ስም ነው፣ ሂዱና አስመዝግቡት ማለቴ አይደለም) በርበሬ መሆኑን አይናገርም፤ ግን ድስቱ ሲከፈት ያለውን ነገር ያስታውሳል። ደንበኛ ቶሎ ይይዘዋል፤ መዝጋቢውም ገላጭ ነው ብሎ የሚመልስበት ምክንያት ይጠብባል። «ሽውታ በርበሬ» ብላችሁ ካመለከታችሁ «በርበሬ» በሚለው ቃል ላይ ብቸኛ መብት እንደማትጠይቁ እንድታሳውቁ ትጠየቁ ይሆናል። አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ዋናው ቃል «ሽውታ» ነው።

ገንዘብ አጭር ከሆነና ስሙን ወይ ሎጎውን አንዱን ብቻ ማስመዝገብ ካለባችሁ እኔ ስሙን እላለሁ። ሎጎ በየሦስት ዓመቱ ይቀየራል፤ ማተሚያ ቤቱ በተቀየረ ቁጥርም ይቀየራል። ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠራው ስሙን ነው። ሎጎም የምታስመዘግቡ ከሆነ ቀለሙ ራሱ የምልክቱ አካል ነው ብላችሁ ካልወሰናችሁ በጥቁርና ነጭ አቅርቡት፤ በቀለም ለይታችሁ ከጠየቃችሁ ጥበቃው ከዛ ቀለም ጋር ይታሰራል። ዲዛይነሩ ደግሞ ሥራውን ለእናንተ ማስተላለፉን በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈርምላችሁ፤ ዋናውን ፋይልም ተቀበሉት። በቴሌግራም የተላከች ደብዛዛ ፎቶ ነገ ለማተሚያም ለማመልከቻም አትሆንም።

ማሸጊያ በብዛት ከማሳተማችሁ በፊት ፍለጋ

ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ማተሚያ ቤቶች በትንሽ ቁጥር ስለማያትሙ አንዴ በሺህ የሚቆጠር ላስቲክ ወይም ካርቶን ይታዘዛል፤ ከዛ ስሙ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ያ ሁሉ ዕቃ መጋዘን ይቀራል። ፍለጋው እስኪያልቅ በስቲከር ሥሩ። ስቲከር ይላጣል፣ ይቀየራል፣ ኪሳራው ቀላል ነው።

ፍለጋውን ከራሳችሁ ጀምሩ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ላይ ስሙን ፈልጉ። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ መርካቶና ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ዓይኑን ይጣልላችሁ። ከዛ ባለሥልጣኑን የተመዘገቡና በማመልከቻ ላይ ያሉ ምልክቶችን እንዲፈልግላችሁ ጠይቁ፤ ወሳኙ ይህ ነው፣ ገበያ ላይ ያልወጣ ግን የተመዘገበ ስም ሊኖር ስለሚችል።

ስትፈልጉ «ልክ የኔን የሚመስል አለ ወይ» ብቻ አትበሉ። የሚታየው ሸማቹ ይወናበዳል ወይ የሚለው ነው፤ በዓይን፣ በጆሮ፣ በትርጉም። አማርኛ ላይ ደግሞ ጆሮው ይበልጣል። «ሽውታ» ተይዞ ከሆነ «ሽዉታ» ብሎ በሌላዋ «ዉ» መጻፍ አያድንም፤ በሀና በሐ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ መቀያየርም እንዲሁ። ሱቅ ውስጥ ሲጠራ አንድ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውንም አትርሱ፤ ድምፁ አንድ ከሆነ ችግሩ ያው ነው። በሰፊው የታወቀ ምልክት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትጠጉት።

በማን ስም?

ይህን ጥያቄ ቡና እየጠጣችሁ ሳይሆን በወረቀት ጨርሱት። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ በእናንተ ስም ነው፣ አለቀ። በማኅበር የተደራጃችሁ ወጣቶች ወይም ሴቶች ከሆናችሁ ግን ምልክቱ በማኅበሩ ስም ይግባ፣ በሰብሳቢው ስም አይደለም። ሰብሳቢ ይቀየራል፤ ሰው ይጣላል፤ አንዱ ለቆ ሲወጣ ስሙን ይዞ ከወጣ የቀራችሁት ሰዎች ስም የሌለው በርበሬ ነው የሚተርፋችሁ። ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች ለሆናችሁም እንዲሁ።

አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ «እኔ እጨርስልሻለሁ» ካለሽ ጥሩ ነው፤ ግን ውክልናው ሕጋዊ ሆኖ የተረጋገጠ ይሁን፣ ማመልከቻው ላይ የአመልካች ስም በሚለው ቦታም ያንቺ ስም መግባቱን በዓይንሽ እዪ። ወኪልና ባለቤት የተለያየ ነገር ነው። ለጉዳይ አስፈጻሚ ለምትከፍሉም የምለው ይኸው ነው፤ የገባው ማመልከቻ ቅጂና ደረሰኝ እጃችሁ ሳይገባ ክፍያ አትጨርሱ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ወኪል ግዴታ አይደለም፤ ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

የዕቃ ምድብ መምረጥ

ምልክት በደፈናው አይመዘገብም። ለየትኛው ዕቃ ወይም አገልግሎት እንደሆነ ይገለጻል። ዕቃና አገልግሎት ሁሉ የኒስ አመዳደብ በሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር በ45 ምድብ ተከፍሏል፤ ከ1 እስከ 34 ዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 አገልግሎት።

እዚህ አካባቢ የሚበዙትን ልዘርዝርላችሁ። በርበሬ፣ ቅመማ ቅመም፣ ዱቄት፣ ቡና፣ ማር፣ ዳቦና ብስኩት 30 ውስጥ ናቸው። ቅቤ፣ አይብ፣ የምግብ ዘይት፣ የተቆላ ኦቾሎኒ 29 ነው። ያልተፈጨ፣ ያልተቆላ ጥሬ እህል 31። ሳሙናና ቅባት 3፣ ልብስና ጫማ 25፣ የቆዳ ቦርሳ 18፣ ጭማቂና የታሸገ ውኃ 32፣ ጠጅ 33። ምግብ ቤት ወይም ሆቴል 43።

ክፍያው በምድብ ስለሚጨምር ሁሉንም ለመያዝ አትሩጡ። አሁን የምትሸጡትንና በቅርቡ እሠራለሁ ብላችሁ በእርግጥ የያዛችሁትን ጻፉ። ያልተጠቀማችሁበት ነገር ኋላ ላይ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ። በምድቡ ውስጥም «ምግብ» ብላችሁ አትለፉ፤ «የተፈጨ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ የሽሮ ዱቄት» እያላችሁ ዘርዝሩ።

ፋይሉን ማዘጋጀት

ደሴ ላይ ሆናችሁ ጨርሱት፤ አዲስ አበባ ሄዶ ኮፒ ቤት መፈለግ 400 ኪሎ ሜትር ለተጓዘ ሰው አይገባም። የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ የተሞላ የማመልከቻ ቅጽ፣ የምልክቱ ጥርት ያለ ናሙና በሦስት ቅጂ፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነምድባቸው፣ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ ወኪል ካለ ውክልና፣ የክፍያ ደረሰኝ። ማኅበር ወይም ኩባንያ ከሆናችሁ መመሥረቻውንና ሥራ አስኪያጁ የተሾመበትን ወረቀት ጨምሩበት። ምልክቱ ውስጥ የውጭ ቋንቋ ቃል ካለ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጻፉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለሥልጣኑ ጋ ደውሉ። የጊዜው የክፍያ ተመን ስንት እንደሆነ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይገባ እንደሆነ፣ የትኛው ወረቀት ኦሪጅናሉ እንደሚታይ ጠይቁ። አንድ ስልክ አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ታድናለች። በጀት ስትይዙ የማመልከቻውን ብቻ አትያዙ፤ የጋዜጣ ማስታወቂያና የምስክር ወረቀት ክፍያም ለየብቻ ይመጣል።

አድራሻ ላይ የምትጠቀሙበትን ስልክ ጻፉ። ከባለሥልጣኑ የሚመጣ ደብዳቤ የመልስ ቀን አለው፤ ሲም ካርድ ተቀይሮ ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ ቀኑ ቢያልፍ ማመልከቻው እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል። ስታስገቡ የማመልከቻ ቁጥርና ቀን ይሰጣችኋል። ቀኗን በደንብ ያዙ፤ ሁለት ሰው ተመሳሳይ ስም ይዞ ቢመጣ ማን ቀድሞ አመለከተ የሚለው የሚታየው በሷ ነው።

ምርመራና ማስታወቂያ

መጀመሪያ ፎርሙ መሟላቱ ይታያል፤ ከዛ ምልክቱ ራሱ ይመረመራል፤ መመዝገብ የሚችል ነው ወይ፣ ከቀደመ ምልክት ጋር ይጋጫል ወይ። ጥያቄ ከመጣ በጽሑፍና በጊዜው መልሱ። «ገላጭ ነው» ከተባላችሁ የትኛው ክፍል ገላጭ እንደሆነ ለዩና በዛ ላይ መብት እንደማትጠይቁ ግለጹ፤ «ከዚህ ምልክት ጋር ይመሳሰላል» ከተባላችሁ ደግሞ የዕቃ ዝርዝሩን ማጥበብ ይረዳ እንደሆነ አስቡ፣ ካልረዳ ስም መቀየሩ ከሁሉ ይረክሳል፣ በተለይ ገና በስቲከር እየሠራችሁ ከሆነ። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ምርመራውን ካለፈ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በአእምሯዊ ንብረት ጋዜጣ ወይም በሀገር አቀፍ ጋዜጣ ላይ በእናንተ ወጪ ይወጣል። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን አንብቡ፤ የስሙ ፊደል፣ ሥዕሉ፣ የዕቃው ዝርዝር ልክ ይሁን። ሲወጣ ጋዜጣውን ግዙና ፋይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። በተሰጠው ጊዜ ተቃዋሚ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ካልተሳካለት፣ ክፍያ ፈጽማችሁ የምስክር ወረቀታችሁን ትወስዳላችሁ።

«ይህ ምልክት ተመዝግቧል» ማለት የሆነችውን፣ ክብ ውስጥ ያለችውን «አር» (®) ማሸጊያው ላይ የምታትሙት ከዚህ በኋላ ነው። ሳይመዘገብ የተመዘገበ ማስመሰል ሸማቹን ማሳሳት ነው። ደግሞም የምልክት ወረቀት የጥራት ወረቀት አይደለም፤ ምግብ የምታመርቱ ከሆነ የብቃትና የጥራት ፈቃዱ ሌላ ሥራ ነው።

ወረቀቱ እጅ ከገባ በኋላ

ምዝገባው የሚያገለግለው ለ7 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ካመለከታችሁበት ቀን ነው እንጂ ወረቀቱን ከተቀበላችሁበት አይደለም። ከዛ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ቀኑን ከፈቃድ እድሳትና ከግብር ቀን ጋር አንድ ላይ ጻፉት።

ተጠቀሙበት። ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው፤ ለተከታታይ 3 ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ሌላ ሰው ጠይቆ ሊያሠርዘው ይችላል። የሽያጭ ደረሰኝ፣ የማሸጊያ ናሙና፣ የማተሚያ ቤት ክፍያ፣ የባዛር ፎቶ፣ ሁሉንም በዓመት በዓመት አስቀምጡ። በተመዘገበው መልኩ ተጠቀሙ፤ ስሙን ወይም ሎጎውን መሠረታዊ በሆነ መንገድ ከቀየራችሁት አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል።

ኮምቦልቻ ያለ ሰው በእናንተ ስም እያመረተ እንዲሸጥ ከተስማማችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ባለሥልጣኑ ጋም ይመዝገብ። ምልክቱን ስትሸጡም እንዲሁ። በነጠላ ከመሮጥ ተባብረው መሸጥ ለሚፈልጉ አምራቾች ደግሞ አዋጁ የጋራ ምልክት የሚባል ነገር አለው፤ አንድ ማኅበር ያስመዘግበዋል፣ አባላቱ በተጻፈ የአጠቃቀም ደንብ መሠረት ሁሉም ይጠቀሙበታል፣ ከደረጃ በታች ያመረተ አባልም በደንቡ ይታገዳል። በርበሬያቸውን በጋራ ለሚያወጡ የወሎ ገበሬዎችና ፈጪዎች ይህ መንገድ በጣም ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለብቻው ማንም ሊይዘው የማይችለውን የሀገሩን ጥሩ ስም አብሮ መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ ነው።

አስመስሎ የሚሠራ ከመጣስ? መጀመሪያ አትጣሉ፣ ማስረጃ ያዙ። አስመስሎ የተሠራውን ዕቃ ደረሰኝ አስቆርጣችሁ ግዙ፤ ደረሰኝ ካልሰጡ ከምስክር ጋር ግዙ። ሁለቱን ማሸጊያ ጎን ለጎን ፎቶ አንሱ፤ ከሱቁ ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፉት። ከዛ የምስክር ወረቀቱን ኮፒ አያይዛችሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ ሱቅ ሻጩ ብዙ ጊዜ ከማን እንደተረከበ ስለሚያውቅ በመልካም ጠይቁት፣ የምትፈልጉት እሱን ሳይሆን አታሚውንና አከፋፋዩን ነው። ካላቆመ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ጊዜያዊ እግድ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው ገበያ ላይ እንዳይቆይ። ካሣው ከዛ ይከተላል። ጉዳዩ ወንጀልም ነው፤ በአዋጁ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ይህን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ ከአዋጁ ቁጥር ጋር ጻፉት፤ ደብዳቤውን ሲቀበልም በቅጂው ላይ አስፈርሙት።